የደሴቷ ልጅ በሁስቢ

ከስቶክሆልም ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ በረዶ ነው። በረዶ አላየሁም። የሄድኩት ሚሌኒየሙን ባከበርንበት ዓመት፣ በግንቦት ነው፤ በዚያ ወር እዚያ አገር የሚበዛው በረዶ ሳይሆን ብርሃን ነው። ጡረታ የወጣን የደሴ መምህራን በምንገናኝበት ቦታ ታሪኩን ደጋግሜ ጀመርኩት፤ ደጋግመውም አቋረጡኝ። አንዱ ጣሊያን አገር ስላለው የወንድሙ ልጅ፣ ሌላዋ ስለሚያማት ጉልበቷ ይነግሩኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። የተጻፈ ነገር አይቋረጥም።

የተጠራሁት ለክርስትና ነው። የወንድሜ ልጅ ሰላም ከስቶክሆልም ደውላ፣ «እትዬ በላይነሽ፣ ሕፃኗን ክርስትና እንዲያነሱልኝ ፈልጌ ነው። ቲኬቱን እኔ እልካለሁ» አለችኝ። ቀጠለችና ትልቋ ልጇ ማርታ አሜሪካን ከመሠረቱት ሰዎች ስለ አንዱ የልጅነት ሕይወት ትምህርት ቤት ውስጥ እንደምትናገር፣ እኔም የታሪክ አስተማሪ ስለነበርኩ እንድረዳት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። የሰውየውን ስም ስትጠራልኝ ሳቅሁ። ከሌሎቹ ሁሉ እሱን መምረጧ ገረመኝ። እሺ አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የክርስትናውን ነገር አገላብጬ አየሁት። በእኛ ደንብ ክርስትና እናት የምትመረጠው ከባዕድ ነው። ዘመድማ ዘመድ ነው፣ ምን ይጨመርለታል? በክርስትና የሚዛመደው በሥጋ የማይዛመደው ነው። እንግዲህ ያ ቤት እኔን ለክርስትና እናትነት ሲጠራኝ፣ ባዕድ መሆኔን በጨዋ ደንብ ነገረኝ ማለት ነው።

ይህን ያሰብኩት በክፋት አይደለም። አባቴ አቶ ካሣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እናቴን አላገባትም። እኔ ድክ ድክ ስል እሱ በሰርግ ሌላ ሴት አገባ፤ ከእሷም የሰላም አባት ተፈራ ተወለደ። ቤታቸው ከእኛ ደጃፍ ይታይ ነበር። እኔ ግን የተጠራሁት በእናቴ አባት በገብሬ ነው። አባቴ ሲሞት ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ልቀመጥ ስል ሚስቱ ክንዴን ያዘችና፣ «አንቺ ወደ ጓሮ፤ ዕቃ የሚያጥብ ጠፍቷል» አለችኝ። ለቀስተኛው የበላበትን ሳህን ሳጥብ ዋልኩ። ተፈራ ያኔ ጎረምሳ ነበር። በድንኳኑ ክፍተት አየኝና ፊቱን አዞረ።

ስቶክሆልም የሄድኩት ይህን ለመናገር ነው። ክርስትናው ካለቀ በኋላ በግብዣው መካከል ተነሥቼ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናግሬ ልመለስ ነበር አሳቤ።

ማክሰኞ

ከደሴ ንጋት ላይ ተነሣን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከሚሴ ሳንደርስ የት እንደምሄድ፣ ማን እንደጠራኝ፣ ባሌ በምን እንደሞተ ጠይቃ ጨረሰች። ለክርስትና ስዊድን እሄዳለሁ ብላት፣ «እዚያም ጠበል አለ?» አለችኝ። ውኃማ አለ አልኳት።

ደብረ ሲና ምሳ በላን። ከዚያ አውቶቡሱ እያቃሰተ ወጣና ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገባን። ተሳፋሪው እንደ ልማዱ መስኮት ዘጋ። ያን ዋሻ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ሁልጊዜም መውጫው ሲታይ ትንሽ እፎይ እላለሁ። አዲስ አበባ በድሮ ተማሪዬ ቤት አደርኩ። አልጋዋን ለቀቀችልኝ፤ እሷ ምንጣፍ ላይ ተኛች። በትምህርት ቤት ሰነፍ ነበረች። በሌላው ሁሉ ግን ከጎበዞቹ ትበልጣለች።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ሻንጣዬን ሳስተካክል ዋልኩ። ለክርስትናው ያሰፋሁትን ጥበብ ቀሚስ ከነነጠላው ከታች አደረግሁ፤ ከላይ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ። የቀድሞ ተማሪዬ «አንድ ልብስ በእጅዎ ይያዙ» ብትለኝ አልሰማኋትም። በእጄ የያዝኩት ስለዚያ አሜሪካዊ የሚያወራውን አሮጌ መጽሐፌን ብቻ ነው። ማታ አውሮፕላን ተሳፈርኩ።

ሐሙስ

ፍራንክፈርት አውሮፕላን ቀየርኩ። እኔ ደረስኩ፤ ሻንጣዬ አልደረሰም። ስቶክሆልም አውሮፕላን ማረፊያ ያለችው ሠራተኛ ስለ ሻንጣው ቀለም ስትጠይቀኝ አንድ ጊዜ እንኳ ፊቷን አላጠቆረችም። በእኛ አገር ዕቃ የጠፋበት ሰው ራሱ እንደ ሌባ ነው የሚጠየቀው። ይቅርታ ስትጠይቀኝ ዕቃውን ያጠፋችው እሷ የሆነች ይመስል ነበር።

ተፈራ ከሰላም ጋር ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። በሱዳን በኩል ተሰዶ፣ እዚህ አገር ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ፀጉሩ አልቋል። ግንባሩ የአባቴ ነው። «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ፤ እጄን እንደ ባለሥልጣን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ሰላም ግን አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ «አክስቴ፣ ለብርድ የሚሆን ልብስ እንኳ አልያዙም?» እያለች ጃኬቷን አለበሰችኝ። ፀሐዩ እንደ ደሴ ቀትር ያበራል፣ ነገር ግን አያሞቅም።

የሚኖሩት ሁስቢ ነው። ፎቅ በፎቅ ሆኖ የተሠራ ሰፈር ነው፤ ከሕንፃዎቹ መካከል ሣርና ዛፍ አለ፤ ሶማሌው፣ ኩርዱ፣ የእኛው ሰው አብሮ ይኖራል። ሰላም የምትሠራበት ኪስታ ያለው የስልክ መሥሪያ ቤት በእግር ይደረሳል። ለእራት ዓሣና ድንች አቀረበችልን። ከእራት በኋላ የሰላም ባል ዮናስ ተነሣና ዕቃ ማጠብ ጀመረ። እንግዳ ፊት። ማንም አልገረመውም። ተፈራ ከወንበሩ አልተነሣም። እሱ ስዊድን ኖረ እንጂ ስዊድን እሱ ውስጥ አልኖረችም አልኩ በልቤ።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ብርሃኔም እኔን ለማየት መጣች። ጎንደሬ ናት፤ ቀልደኛ። «ሻንጣው ጠፋ አሉ። በርበሬው ውስጡ ካለ አይጨነቁ፤ የወሰደውን ሰው እያስነጠሰው ያገኙታል» አለችኝ።

ከዚያ ማርታ ንግግሯን ልትለማመድ ሳሎን መሃል ቆመች። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። እናቷ ትተረጉምልኛለች።

የዚያን አሜሪካዊ ስም መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ፊቱ በአሥር ዶላር ላይ አለ። የአሜሪካን ግምጃ ቤት መጀመሪያ ያቋቋመው እሱ ነው። እኔ በክፍል ውስጥ የደሴቷ ልጅ እለው ነበር። እናቱ በልጅነቷ ለማትወደው ሰው ተድራ፣ ትታው ስትሄድ አሳሰራት። ከእስር ወጥታ ከሌላ ሰው ጋር ኖረች፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች። ሕጉ ልጆቹን ዲቃላ አላቸው። አባታቸው ጥሏቸው ሄደ። እናቲቱ በንዳድ ስትሞት ልጁም አጠገቧ ታሞ ተኝቶ ነበር። ያደገባት ደሴት የዴንማርክ ነበረች፤ ዴንማርክ ደግሞ የስዊድን ጎረቤት ናት። የማርታም አስተማሪ በዚህ ምክንያት ነው የወደደችላት። እናቲቱ የተወችውን ሁሉ ፍርድ ቤቱ ለሕጋዊው ልጅ፣ ከመጀመሪያ ባሏ ለወለደችው ፈረደለት። ለሁለቱ ምንም። መጻሕፍቱን ብቻ አንድ ዘመድ ከሐራጅ ገዝቶ መለሰላቸው። ልጁ በነጋዴ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ደሴቷን ስለመታ ማዕበል የጻፈውን ያነበቡ ሰዎች ተደንቀው፣ ተባብረው ወደ አሜሪካ ለትምህርት ላኩት።

ይህን ለብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ። አንድ ርእሰ መምህር ቢሮው ጠርቶ፣ «ስንት ጨዋ የጨዋ ልጅ እያለ ለልጆቻችን የዲቃላ ታሪክ ታስተምሪያለሽ?» ብሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ቀን ደግሜ አስተማርኩት። ርእሰ መምህሩ ሞቷል። ተማሪዎቼ ግን ማንበብ ይችላሉ።

ማርታ ስትጨርስ አጨበጨብን። አንዳንድ ቦታ አረምኳት፤ አመሰገነችኝ። ከዚያ አንድ ነገር በስዊድንኛ ጠየቀች። ሰላም ወዲያው አልተረጎመችልኝም።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ሁሉን የወሰደው ወንድማቸውስ አለች። ለምን አላካፈላቸውም ነው የምትለው።»

«እሱን መጽሐፉ አይናገርም» አልኳት ማርታን። «ዝም ብሎ ወሰደ። ብዙ ሰው እንዲያ ነው።»

ተፈራ ተነሥቶ ውኃ ሊጠጣ ወጥ ቤት ገባ። ውኃው ብዙ ቆየ።

ዓርብ

የለበስኩት አንድ ልብስ ስለሆነ ሰላም የራሷን ሰጠችኝና የእኔን ይዛ ልትወርድ ስትል እኔው አጥባለሁ አልኳት። ከሕንፃው ሥር ሁሉም በየተራው የሚያጥብበት ክፍል አለ፤ ተራ የሚያዘው ሰሌዳ ላይ ቁልፍ በማድረግ ነው። እኔ ባዶ የማጠቢያ መኪና አይቼ ልብሴን ከተትኩ። አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊ ቅርጫቱን ይዞ መጣ፤ ሰሌዳውን አሳየኝ፤ እኔን አየኝ። ተራው የእሱ ነበር። ቁጣ ጠበቅሁ። ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ለእኔም ሌላ ሳበልኝ። ቋንቋ ሳይኖረን ልብሴ እስኪያልቅ አብረን የሚዞረውን መኪና ስናይ ቆየን። ሲያልቅ እርጥቡን ቅርጫት ራሱ ተሸክሞ በደረጃ አወጣልኝ። የደሴ ጎረቤቴ ብትሆን በቧንቧ ተራ ብቀድማት ሦስት ወር አታናግረኝም ነበር።

ከሰዓት ተፈራ ከተማውን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ገባን። መሃል ከተማ ያለው ጣቢያ ድንጋዩ ራሱ ተፈልፍሎ የተሠራ ዋሻ ነው፤ ነጭ ቀብተውት ሰማያዊ ቅጠልና ሐረግ ስለውበታል። ጣርማ በርን አስታወሰኝ። እኛ ዋሻ ስንገባ መስኮት እንዘጋለን፤ እነሱ ግን የአትክልት ቦታ አደረጉት። ቆሜ ብዙ አየሁ። ተፈራ ምን እንዳሰብኩ አልጠየቀኝም።

ከተማው ደሴት በደሴት ነው፤ ድልድይ ባይኖር ሁሉም ለብቻው ነው። ውኃው ዳር ቆመን ነፋሱ ሰውነቴን በላው። ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝ። አልወሰድኩም። ውኃውን እያየሁ የደሴቷን ልጅ አሰብኩት። ሰው ከደሴት የሚወጣው በሌላ ሰው ጀልባ ነው። እኔን ማንም አላወጣኝም፤ አስተማሪ ሆኜ ብቻዬን ወጣሁ። ነገር ግን እሱ በአንድ ነገር በልጦኛል፤ የጣለው አባት ስሙን ትቶለት ነበር።

ማታ ከአየር መንገዱ ደወሉ፤ ሻንጣው ገና አልተገኘም። ሰላም ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ነጭ ልብስ ትፈልግልኝ ጀመር። ተፈራ ወደ ክፍሉ ገብቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ጥበብ ቀሚስ ይዞ ወጣ።

«የእናቴ ነው» አለ። «ከሞተች በኋላ የላኩልኝ። ይሆንዎታል።»

«የእናትህን ልብስ አልለብስም።»

ቀሚሱን መልሶ ጠቀለለው። ሰላም ምንም አልገባትም፤ እኔም አላስረዳኋትም።

ቅዳሜ

ሕፃኗን የሚያጠምቁት ቄስ ፊቲያ በሚባል ሰፈር፣ ሐይቅ አጠገብ ይኖራሉ። ከሰማያዊው ባቡር ወርደን ቀዩን ይዘን ሄድን፤ ሰላም ሕፃኗን አቅፋ፣ ተፈራና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን። ቄሱ ሻይና የስዊድኖችን የቀረፋ ዳቦ አቀረቡልን። የሰው ልብ የሚያሳርፍ ድምፅ አላቸው።

«ክርስትና እናቷ እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። «መልካም። ለሕፃኗ ምኗ ነዎት?»

ፊቴን ወደ ተፈራ አዞርኩና ጠበቅሁ። ያን ያህል ዘመን ስጠብቅ ኖሬ አንድ ደቂቃ አይከብደኝም።

ተፈራ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እህቴ ናት፣ አባ» አለ። «የአባቴ የመጀመሪያ ልጅ።»

ቄሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እንግዲያማ የሥጋ አክስት ናት። አይከለከልም፤ ነገር ግን በስደት አገር ዘመድ ማብዛት ነው የሚሻለው። አክስቷ አክስቷ ናት። ለክርስትናው አንዲት ባዕድ ብትፈልጉ ሕፃኗ በአንድ ቀን አንድ እናት ትጨምራለች።»

ሰላም ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ ይህን ደንብ አላውቅም፣ አባ። እዚህ ነው ያደግሁት። ክርስትና ላይ ከፊት የምትቆመው፣ ፎቶው ላይ መሃል የምትሆነው ክርስትና እናቷ ናት። አክስቴን ሰው ሁሉ እንዲያያት ነው የፈለግሁት። በአያቴ ቤት ውስጥ አይቷት የሚያውቅ የለም።»

ከደሴ ጀምሮ ይዤው የመጣሁት ቂም ግማሹ እዚያ ወንበር ላይ ቀረ። ግማሹን ይዤ ተነሣሁ፤ እሱ የሰላም አልነበረም።

ባቡሩ ውስጥ ተፈራን፣ «አንተስ ደንቡን አታውቅም ነበር?» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሰላም ስትጠራኝ ለምን ዝም አልክ?»

«አይሆንም ለማለት እህቴ ናት ማለት ነበረብኝ» አለ። «ያን ቃል እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። አፌ ላይ አልመጣ አለኝ።»

ማታ ወይዘሮ ብርሃኔ ክርስትና እናት እንድትሆን ተጠየቀች። «እኔማ እስካሁን ሳትጠይቁኝ ተቀይሜ ነበር» አለች።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያኑ ከስዊድኖቹ በውሰት የተያዘ ነው፤ ከእነሱ ቅዳሴ በፊት እኛ ጨርሰን መውጣት አለብን። ማለዳው ይቀዘቅዛል። የሰላምን ነጭ ቀሚስ ለብሻለሁ፤ ነጠላዋ ስስ ነው። ደጁ ላይ ቆሜ ስንቀጠቀጥ ተፈራ ከኋላዬ መጣና ትከሻዬ ላይ ከባድ ነገር ጣለብኝ። አሮጌ ጋቢ ነው። ጥለቱ ነትቧል።

«የማን ነው?» አልኩት፤ አውቄዋለሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ እሱን ለብሶ በደጃችን ሲያልፍ ከበር ሥር ሆኜ አየው ነበር።

«የእሱ ነው» አለ ተፈራ። «ስሰደድ እናቴ አለበሰችኝ። በሱዳን በረሃ ያደርኩት በሱ ነው። ሌላ ምንም አልያዝኩም ነበር።»

አውልቄ ልመልስለት አስቤ ነበር። ጋቢውን ግን ወደ አንገቴ ሳብኩት።

ሕፃኗ ውኃው ሲነካት ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት ሞላችው። ወይዘሮ ብርሃኔ አቅፋት ከፊት ቆመች። እኔ ከዘመድ ተርታ፣ ከአያቷ አጠገብ ቆምኩ። ማርታ ሁለታችንን አየችና ለእናቷ አንድ ነገር በጆሮዋ አለቻት። «ግንባራችሁ አንድ ነው አለች» አለችኝ ሰላም።

ግብዣው ሁስቢ በተከራዩት አዳራሽ ነበር፤ እነሱ ሎካል ይሉታል። የሚከራይ ሰው ራሱ አጽድቶ፣ ዕቃውን አጥቦ፣ ወንበሩን ደርድሮ ማስረከብ አለበት። ለጌታም ለሎሌም ሕጉ አንድ ነው። ምግቡ ከተነሣ በኋላ ተፈራ ቆመና፣ «የቤታችን ታላቅ ትናገር» አለ።

ተነሣሁ። ያሰብኩት ንግግር ረጅም ነበር። ጋቢው ከትከሻዬ እየወረደ ያስቸግረኛል።

«በላይነሽ ካሣ እባላለሁ» አልኩ። «በሕይወቴ ይህን ስም ስጠራው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። አባታችን ሲሞት ከልጆቹ ጋር እንድቀመጥ አልተፈቀደልኝም። ለቀስተኛው የበላበትን ዕቃ አጠብኩ።»

ብርጭቆ የያዘ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ንግግሩን ወደ ይቅር መባባልና ምርቃት እንድወስደው ሰው ፈልጎ እንደነበር ገብቶኛል። አልወሰድኩትም።

ተፈራ እንደቆመ ነበር። «እውነት ነው» አለ። «እኔም አይቻለሁ። አይቼ ፊቴን አዞርኩ።»

ወይዘሮ ብርሃኔ ሕፃኗን እንዳቀፈች፣ «እንግዲህ ዛሬም የሚታጠብ ዕቃ አለ» አለች። «አጣቢው ግን የታወቀ ይመስለኛል።»

ሰው ሳቀ። ተፈራ አልሳቀም። ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለ፤ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ወጥ ቤት ገባ። ዮናስ ሊያግዘው ተነሥቶ ነበር፤ ሰላም በዓይኗ አስቀመጠችው። በሩ ክፍት ስለሆነ ጀርባውን አያለሁ። ሳህን በሳህን ላይ ሲደረደር ይሰማኛል። ሥራውን አያውቅበትም፤ ብርጭቆውን ከቅባታም ሳህን ጋር ነው የሚያጥበው።

ላሳየው ብዬ ብድግ አልኩ። የወንበሬን ድምፅ ሰምቶ ዞረ።

«እትዬ» አለኝ፤ «ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። እስኪጨርስ ድረስ ቁጭ ብዬ አየሁት። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ሻይ የለም።

ሰኞና ከዚያ በኋላ

ማርታ ስለ ደሴቷ ልጅ ክፍል ውስጥ መናገሯን፣ አስተማሪዋም እንዳመሰገነቻት ሰላም ነገረችኝ። መጽሐፌን ለማርታ ተውኩላት። አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ አንድ ቀን ትማራለች፣ ካልተማረችም መጽሐፉ ቤት ውስጥ ይኑር። ሻንጣዬ የደረሰው ልመለስ ስነሣ ነው። ሽሮውንና በርበሬውን አውጥተን ቀሚሱን ሳልለብሰው መልሼ ዘጋሁት።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተፈራ ጋቢውን አጣጥፎ በላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ። «ይኸው፣ ሰጥቼሻለሁ» አለኝ።

«ሰጠሁሽ አትበለኝ» አልኩት። «መለስኩልሽ በል።»

«መለስኩልሽ» አለ።

ደሴ በገባሁ ማግስት ጎረቤቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ሽቶና ቸኮሌት እየጠበቀች ክፍሉን በዓይኗ ስትዞር፣ ጋቢው አልጋዬ ላይ ተዘርግቶ አየችው።

«ስዊድን ድረስ ሄዶ አሮጌ ጋቢ ይዞ የተመለሰ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችኝ። «ደግሞስ ከየት አገኘሽው?»

«የአባቴ ነው» አልኳት።